ሁለት ቅጂ ያለው ቃል

ዘንድሮ በግቢያችን አንድ ቃል በዝቷል፤ «አመራር» ይሉታል። ሥልጠናው አመራር፣ የግድግዳው ማስታወቂያ አመራር፣ በየአዳራሹ የሚታደለው ወረቀት አመራር። ከእሱ ቀጥሎ «የደንበኛ አያያዝ» ይመጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ራስን ማሳደግ» ነው። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ከኋላ ወንበር ተቀምጠን እንሰማለን፤ ሻይ ካለ ደግሞ እስከ መጨረሻው እንሰማለን። ሥልጠናው ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የሚጠቀሱት ምሳሌዎች ሁሉ ከባሕር ማዶ ኩባንያዎች የተቀዱ ናቸው፤ ከእነዚያ ኩባንያዎች አንዱም ድስት አይጥድም፣ አንዱም በዱቤ አይሸጥም፣ አንዱም የጾም ቀን አይቆጥርም።

ታዲያ እኛም የምናውቀውን እንጻፍ ብለን ተነሣን። የምናውቀው ውጫሌን ነው። «እኛ» ስንል ሦስት ነን፤ ሦስታችንም የአምባሰል ልጆች ነን። ባለፉት ሁለት ክረምቶች ትምህርት ሲዘጋ፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት አጠገብ ባለች አንዲት ምግብ ቤት ተቀጥረን ሠርተናል፤ አንዳችን ትሪ ይዘን፣ አንዳችን ሒሳብ ተቀብለን፣ አንዳችን ጓዳ ገብተን ሽንኩርት ከትፈን። የባለቤቲቱን ስም አንጽፍም፤ ብንጠይቃቸው «ስሜ ጋዜጣ ላይ ምን ይሠራል?» ብለውናልና። እንደ ከተማው ሰው «እትዬ» እያልን እንቀጥላለን።

«ትሪ መያዝ ደግሞ ምን ያስተምራል?» የሚለን አይጠፋም። ከዘመዶቻችንም «ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ሰሐን ታጥቡ?» ያሉን አሉ። የተማርነው ብዙ አይደለም፤ አንድ ነገር ነው። በሥራ ቦታ የሚነገር ቃል ሁሉ ሁለት ቅጂ አለው። አንዱ ቅጂ ከተናጋሪው ዘንድ ይቀራል፤ ሌላውን አድማጩ ይዞት ይሄዳል። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ነገር ካሉ ሥራው ይሠራል፤ ከተለያዩ ግን ዛሬ ባይሆን ነገ ጠብ ነው። አመራሩም፣ የደንበኛ አያያዙም፣ ራስን ማሳደጉም እኛ እንዳየነው ከዚህች ነገር አይወጣም።

ይህን ለመማር ደግሞ ከውጫሌ የሚሻል ቦታ የለም። ውጫሌ በደቡብ ወሎ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ፣ ሐይቅን አልፎ፣ ወደ መርሳና ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው መንገዱ እኩሌታ ላይ ገደማ ያገኛታል። ጎሚስታ፣ ሻይ ቤት፣ እህል በረንዳ፣ ጭነት መኪና፤ ባለፈ አግዳሚ ዐይን ሲታይ እንደማንኛዋም የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ስሟ ግን ከቁመቷ ይበልጣል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ የተፈራረሙት ውል የሚጠራው በእሷ ስም ነው።

ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት፤ የተጻፈውም በአማርኛና በጣልያንኛ ነው። በ19ኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች እኩል የጸኑ ናቸው ተባለ። ጣጣው ያለው በ17ኛው ላይ ነበር። አማርኛው፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው ግን ይህንኑ ንጉሠ ነገሥቱ ተስማምተው የገቡበት ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው። በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣልያንኛው ግዳጅ ማለት ነው። ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ሲያስታውቁ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ጉዳያችሁ በኢጣልያ በኩል ይምጣ የሚል መንፈስ ያለው ሆነ። ሁለተኛው ቅጂ የሚለውን ነገር ንጉሡ ያወቁት ከሦስተኛ ሰው ነው እንደ ማለት ነው። የቀረውን ሁላችንም ከትንሽነታችን ጀምሮ ተምረነዋል፤ በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን አፈረሱት፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ሆነ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ሌላ ውል የውጫሌው ተሻረ።

እትዬ ይህን ታሪክ የሚያውቁት በራሳቸው መንገድ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ከሦስታችን አንዱ፣ ከሥልጠና ወረቀት ያገኘውን «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ በጥሩ ፊደል ጽፎ ግድግዳ ላይ ሊለጥፍ ሲዘጋጅ አዩት። ምን እንደሚል ጠየቁት፤ አነበበላቸው። ሣቁ።

«ንጉሥማ እዚሁ ውጫሌ ተታሏል» አሉ። «ንጉሥ መባል ከመታለል አያድንም ልጄ። ይልቅ ዋጋውን ጻፍለት፤ ይበቃዋል።»

ዋጋው ተጻፈ። ሽሮ ይህን ያህል፣ ምስር ይህን ያህል፣ ፓስታ ይህን ያህል፣ ስፕሪስ ይህን ያህል፤ ከበሩ ትይዩ፣ የተቀመጠም የቆመም በሚያየው ቦታ። ማንበብ የማይችል ሰው ሲገባ፣ ሳይጠይቅ ዋጋውን አስቀድሞ መንገር የአስተናጋጁ ግዴታ ሆነ። ሰው ተሸማቆ «ስንት ነው?» ሳይል በፊት። የኪሱን ልክ የሚያውቅ ሰው ዋጋ ለመጠየቅ የሚያፍርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በተለይ ከልጁ ጋር ሲሆን። ይህን ማንም መጽሐፍ አልነገረንም፤ ያወቅነው ከሰዎች ፊት ነው።

ስለ ጓዳው ደግሞ እንናገር። መንገደኛ ወሎ ውስጥ ምግብ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ሳይሆን «የማን ቤት ነው?» ብሎ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በእኛ አገር ተዋልዶ፣ በአንድ ዕድር ተቀምጦ፣ በደስታም በኀዘንም ተጠራርቶ ይኖራል፤ ሥጋ ሲሆን ግን የየራሱን ነው የሚበላው፤ በሠርግ እንኳ ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል። እትዬ ሁለት ጓዳ የሚያሠራ ቦታም ገንዘብም የላቸውም። ስለዚህ ሥጋ የሚባል ነገር ቤታቸው አይገባም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልት፣ ፓስታ፣ እንቁላል ብቻ። የጾሙ ድስትና የፍስኩ ድስት ለየብቻ ናቸው፤ ቅቤ የሚነካው ጭልፋ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። የጓዳው በር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። የተጠራጠረ መንገደኛ ቢመጣ እትዬ አይከራከሩም፤ «ግባና እይ የኔ ዓለም» ይላሉ። አንድ ቀን ፍልሰታ ውስጥ አንዲት እናት ከወንበራቸው ተነሥተው ገቡ፤ ድስቱን ከፍተው አዩ፤ ጭልፋውን አዩ፤ ተመልሰው ተቀመጡና «ስጪኝ» አሉ። ማንም አልተቆጣም፤ ማንም አላፈረም።

እኛ ያን ጊዜ አሰብን፤ ሳሎኑና ጓዳው ሁለት ቅጂዎች ናቸው። ሳሎኑ ላይ «ንጹሕ ነው» ያልነውን ጓዳው ደግሞ ካላለ፣ ፈገግታ ብናበዛ ምን ይረባል? በሥልጠናው ስለ ፈገግታ ብዙ ተብሎ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ገበያው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። በየቀኑ አንድ የሩቅ መንገድ አውቶቡስ እኛ ዘንድ ይቆም ነበር። ወጉ የታወቀ ነው፤ ሾፌሩና ረዳቱ በነፃ ይበላሉ፣ ተሳፋሪው ከፍሎ ይበላል። ይህ በየመንገዱ ያለ ነው፤ ተንኮል የለበትም። አንድ ቀን ግን ሾፌሩ እትዬን ወደ ዳር ጠራቸው። ሐሳቡ ይህ ነበር፤ አውቶቡሱ ሲደርስ የዋጋው ሰሌዳ ይዞር፤ በእያንዳንዱ ሰሐን ላይ 20 ብር ይጨመር፤ 10ሩ ለእሱ፣ 10ሩ ለቤቱ። የከተማው ሰው በድሮው ዋጋ ይብላ።

«ተሳፋሪው እኮ ነገ ወልድያ ነው እታለም» አላቸው። «መቼ ተመልሶ ይወቅስሻል?»

«እሱስ ነገ ወልድያ ነው» አሉ እትዬ። «እኔ ግን ነገም እዚሁ ነኝ።»

ሾፌሩ አልተጣላም። ቡናውን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ። በማግስቱ አውቶቡሱ ሳይቆም አለፈ። በሦስተኛውም ቀን አለፈ። እኛ በር ላይ ቆመን ጥሩንባውን ብቻ ሰማን።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ «እውነተኛ ሰው እግዜር ይክሰዋል» የሚል ፍጻሜ እየጠበቅህ ከሆነ የለም። እኛ እዚያ በቆየንበት ጊዜ ሁሉ ያ አውቶቡስ አልተመለሰም። በዚያ ቤት ከእኛ ከሦስታችን ሌላ አራት ሠራተኞች ነበሩ፤ አንዷ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ናት። የአውቶቡሱ ምሳ ሲቀር ከቀኑ ገቢ ትልቁ ድርሻ ቀረ። ክብር የሚባለው ነገር ያን ጊዜ በብር ተቆጠረ።

በዚያው ሳምንት አንድ ምሽት፣ ወንበሮቹ ከተሰቀሉ በኋላ፣ እትዬ ሁላችንንም ሰበሰቡን። ሾፌሩ ያላቸውን ቃል በቃል ነገሩን፤ የመለሱለትንም እንዲሁ። ከዚያ ደብተሩን አውጥተው ለአንዳችን ሰጡና «ጮክ ብለህ አንብብ» አሉ። የሳምንቱ ገቢ፣ የጤፉ፣ የዘይቱ፣ የኪራዩ ዋጋ ተነበበ። የጓዳዋ ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ ቤቱ በቀን ስንት እንደሚያስገባ ሰምታ አታውቅም። ካነበብን በኋላ እትዬ እንዲህ አሉ፤

«ከደመወዝ አልቀንስም። ግን በዚህ ወር በሁለት ጊዜ ከፍዬ ነው የምሰጣችሁ። ይህን የማይችል ዛሬ ይንገረኝ፤ ነገ በሐሜት እንዳልሰማ።»

ባለ ልጇ «እኔ አልችልም እትዬ» አለች። «እሺ፣ አንቺ ሙሉውን ትወስጃለሽ» ተባለች፤ በሁላችንም ፊት። የቀረነው በሁለት ጊዜ ወሰድን። እትዬ ራሳቸው ያን ወር ምንም አልወሰዱም፤ ሰሐን የምታጥበው ልጅ ጓዳ ስትረዳ እሳቸው ሰሐን ያጥቡ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ከሦስታችን አንዱ በዚህ ነገር እስካሁን አልተስማማም። ክርክሩን እዚህ ማስቀረት ተገቢ ነው። «ሐቀኛ መሆን ለባለቤት ይቀላል» ይላል። «ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ስሙ የእሳቸው ነው። ቤቱ ቢዘጋ ግን እንጀራው የሰባት ሰው ነበር። 20 ብር ለመንገደኛ ምንድን ነው?» ሁለታችን እንመልሳለን፤ 20 ብሩን የሚከፍለው መንገደኛ ምን ዓይነት ኪስ እንዳለው አንተም እኔም አናውቅም፤ ደግሞስ ሠራተኞቹ ተጠይቀዋል፣ የመጀመሪያውን ቁራሽ የተዉትም እሳቸው ናቸው። እሱ ደግሞ ይመልሳል፤ «የተጠየቅነው እሳቸው ከወሰኑ በኋላ ነው።» ይህ ትክክል ነው። ክርክሩ በዚህ ይቆማል፤ ደግሞ በሌላ ቀን ይቀጥላል። እኛ የምንለው፣ ከሾፌሩ ጋር ውጭ የተነገረው ቃልና ማታ ውስጥ የተነገረን ቃል አንድ ነበሩ ነው። ሠራተኛ ጠብታ ሳትጎድል እውነቱን ከሰማ ባይስማማም ይቆማል። የማይቆመው ከሦስተኛ ሰው የሰማ ጊዜ ነው።

ስለ ማገልገል ክብርም ጥቂት እንበል፤ «አስተናጋጅ» ሲባል በብዙ ሰው ጆሮ «አሽከር» ሆኖ ይሰማልና። አጨብጭቦ የሚጠራን፣ «አንተ!» ብሎ የሚጮኽብን ነበር። ይህ ንቀት ዛሬ የመጣ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ ምግብ መሸጥም ገዝቶ መብላትም እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ሰው አልደፍርም ብሎ እንደነበር፣ በኋላም ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳባቸውን ከፍለው እንዳስለመዱ ይነገራል። እኒያው ጣይቱ በ17ኛው አንቀጽ ጠብ ጊዜ አንስማማም ብለው ከጸኑት አንዷ ነበሩ። ለአገር ክብር የቆመችው ሴትና ሆቴል የከፈተችው ሴት አንድ ሰው መሆኗን ስናስብ፣ ትሪ መያዝ ክብርን እንደማይቀንስ ይገባናል። ንጉሡም የሠሩት ነገር ቀላል ነው፤ ክፈሉ ብለው አዋጅ አላስነገሩም፤ ራሳቸው ከፈሉ።

በእኛም ቤት ይህ ነበር። እትዬ በራሳቸው ቤት የጠጡትን ቡና ሒሳብ ያስመዘግቡ ነበር። ወንድማቸው መጥቶ ቢበላ ይከፍላል፤ ካልከፈለ እሳቸው ይከፍሉለታል፤ ደብተር ላይ ግን ይጻፋል። መጀመሪያ ሣቅንባቸው። በኋላ ስናየው፣ ከሠራተኛው መካከል አንዲት ብርጭቆ ሻይ እንኳ ሳያስመዘግብ የሚጠጣ ጠፋ። ማንም ተቆጥቶ አልነበረም።

ሰዓትንም በተመለከተ እንደዚያው ነው። ከውጫሌ ወደ ደሴ ሲመጣ ያለችው ሐይቅ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሟንና ትምህርት ቤቷን ያቀኑባት ናት። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት በድሮው ዘመን በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው፤ ማዕረጉም «ዐቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር። በቀጥታ ሲፈታ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ይህን ማዕረግ ለፈተና ሸምድደነዋል። ትርጉሙ የገባን ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እትዬ ከሁላችን ቀድመው ተነሥተው እሳት ሲያያይዙ ነው። «12 ሰዓት ላይ ሻይ አለ» ብለን ለጭነት መኪና ሾፌሮች ተናግረናል፤ ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ ሻይ አለ። ሠራተኛ ያረፈደ እንደሆነ ሲገባ እሳቱ ነዶ ያገኘዋል፤ ከዚያ ሌላ ተግሣጽ አያስፈልገውም ነበር።

አሁን ስለ ሰሐን አጣቢዋ ልጅ እንናገር። ከአምባሰል ደጋ የመጣች ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም ነበር፤ ብሩን የምትለየው በቀለሙ ነው። እትዬ «ሒሳብ መያዝ ትችያለሽ» ይሏት ነበር። «መማር አለብሽ» ሲሏት ሰምተን አናውቅም። በ17ኛው አንቀጽ ላይ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰባት ልዩነት ይህች ናት፤ በ«ይቻላል» እና በ«ግዴታ» መካከል ያለችው። ግዴታ ሰውን ያሠራል፤ ያሳድጋል ወይ? እኛ አላየንም። «ትችያለሽ» የተባለችው ልጅ ግን ማታ ማታ ሰሐኑን ከጨረሰች በኋላ እኛን «ይቺ ማን ትባላለች?» እያለች መጠየቅ ጀመረች። መማሪያ መጽሐፍ አልነበረንም፤ የግድግዳው የዋጋ ሰሌዳ ነበር። መጀመሪያ ያነበበችው ቃል «ሽሮ» ነው። ቀጥላ «ምስር»፤ ሁለቱን ስላወቀች «ሽ» እና «ስ» ተለዩላት።

በሁለተኛው ክረምት ስንመለስ ሒሳብ ተቀባይዋ እሷ ሆና አገኘናት። ደንበኛ በቴሌብር ሲከፍል የራሷን ስልክ አውጥታ ቁጥሩን ታነባለች፤ «የአንተ ላይ የሚለውና የእኔ ላይ የሚለው አንድ መሆን አለበት» ትላለች። እኛ ተያየን፤ ስለ ሁለት ቅጂ ለእሷ አንዳች አውርተን አናውቅም።

ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። አንድ ምሽት፣ ሁላችንም ባለንበት፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልበል?» አለች። «በይ» አሏት። «ሥራዬ ተለውጧል፤ ደመወዜ ግን የሰሐን አጣቢ ነው።» ቤቱ ዝም አለ። እትዬ አልመለሱም፤ ተነሥተው ገቡ። ሦስት ቀን ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላሉም፤ ልጅቱም ደግማ አልጠየቀችም፤ እኛ ግን በሦስቱ ቀናት ውስጥ ሥራ ለቃ ልትሄድ ነው ብለን ፈርተን ነበር። በአራተኛው ቀን እትዬ ደብተሩን አምጥተው በሁላችን ፊት አዲሱን ደመወዝ ጻፉ፤ ከዚያም ብዕሩን ለልጅቱ ሰጥተው «ያልኩትን ጽፌ እንደሆነ አንብቢው» አሏት። አነበበች። ራስን ማሳደግ ስለሚባለው ነገር ከዚህ የበለጠ የምንጽፈው የለንም። የባለቤቲቱን ሕግ ተምራ በባለቤቲቱ ላይ ሠራችበት፤ ባለቤቲቱም ሕጉ የራሳቸው መሆኑን አልካዱም።

የመጨረሻውን ነገር እኛ አላየነውም፤ እትዬና ጎረቤቶች ነግረውን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ውጫሌም ከሌሎቹ የወሎ ከተሞች ጋር መከራዋን አይታለች። እኛ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ ከቤተሰቦቻችን ጋር ተሰደን ነበር። እትዬም ሸሽተው ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ድስት የለም፣ ወንበር የለም፣ ሰሐን የለም። የዱቤው ደብተርም የለም። የከተማው ሰው፣ የጭነት ሾፌሩ፣ ጎሚስታው፣ አስተማሪው፣ ሁሉም በዚያ ደብተር ላይ ነበሩ።

ከጎረቤት በተዋሷት አንዲት ጀበና ቡና ማፍላት ጀመሩ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ሼኽ መጡ፤ ቡናውን ጠጡ፤ ከዚያ «እታለም፣ 340 ብር ነበረብኝ» አሉና ገንዘቡን ጨርቅ ፈትተው አወጡ። እትዬ አላስታወሱትም። «ደብተሩ እኮ የለም አባባ» አሉ። ሽማግሌው «አብሽሪ፤ የእኔ አለ» ብለው ደረታቸውን ነኩ።

ከዚያ ሌሎች መጡ። አንዱ እትዬ ከሚያስታውሱት ያነሰ አምጥቶ ከፈለ፤ ዝም ብለው ተቀበሉት። «ለምን አልነገሩትም?» አልናቸው። «የእሱ ደብተር እንደዚያ ይላላ» አሉ። ሁሉም አልመጣም። የቀሩትስ ምን አሉ ብለን ስንጠይቃቸው፣ ብርጭቆ መወልወላቸውን ሳያቆሙ መለሱልን፤

«የቀሩትን ከሞቱት ጋር አብሬ ቆጠርኳቸው። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደካደ በምን አውቃለሁ?»

በመጣው ገንዘብ የመጀመሪያዎቹን ድስቶች ገዙ። ያቺ ቤት እንደገና የቆመችው ሰዎች ልብ ውስጥ በተረፈው ሁለተኛ ቅጂ ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ሁሉ ያወራነው ለወሬ አይደለም። እኛ በቅርቡ እንመረቃለን። ዕድል ከቀናን አብዛኞቻችን የምንቀመጠው ከመስኮት ጀርባ ነው፤ የወረዳ መስኮት፣ የባንክ መስኮት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት። በእነዚያ መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር የሚባል ሰሌዳ ተሰቅሎ ሁላችንም አይተናል፤ ይህ አገልግሎት በይህን ያህል ደቂቃ፣ ያኛው በይህን ያህል ቀን ይሰጣል ይላል። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ከሰሌዳው ሥር ያለው መስኮት ግን «ነገ ና» ይላል፤ «ሲስተም የለም» ይላል፤ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ይላል። ከገጠር ሌሊት ተነሥቶ፣ በእግሩ ወርዶ፣ የመኪና ከፍሎ የመጣ ገበሬ ሰሌዳውን ማንበብ አይችል ይሆናል፤ መስኮቱን ግን በደንብ ያነባል። ለእሱ ውሉ መስኮቱ የሚለው ነው። አንድ ቀን ማንበብ የሚችል ልጁን ይዞ ይመጣል፤ ልጁ ቀና ብሎ ሰሌዳውን አይቶ «አባዬ፣ እዚህ ላይ እኮ እንዲህ ይላል» ይለዋል። ያን ጊዜ ከመስኮቱ ጀርባ የምንኖረው እኛ ነን።

ከሦስታችን ያልተስማማው ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ሲያነብ «አሳመራችሁት፤ ደመወዝ በሁለት ጊዜ ስንወስድ የነበረውን ማጉረምረም ግን አልጻፋችሁም» አለ። ልክ ነው፤ አጉረምርመናል። ይኸው ጻፍነው። ትሪ ይዛችሁ የማታውቁ ግን በሚመጣው ክረምት አንድ ወር ሞክሩት፤ ውጫሌም ባይሆን በየአገራችሁ እትዬ የምትባል ሴት አትጠፋም።